የሕፃን ፀጉር በአዲስ አበባ አየር፦ ከፀጉሩ በፊት የራስ ቆዳው

አዲስ አበባ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ አራስ ያለበት ቤት የገባ ጠያቂ ስለ ጡቱና ስለ እንቅልፉ ከጠየቀ በኋላ ዓይኑ ወደ ሕፃኑ ጭንቅላት መሄዱ አይቀርም። ፀጉሩ ይላጭ ወይስ ይተው? ቅቤ ይሻለዋል ወይስ ዘይት? በሳምንት ስንት ቀን ይታጠብ? ኮፍያውስ መቼ ይውለቅ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቢያንስ አራት መልስ አለ። አያት ከጎጃም ወይም ከጉራጌ ይዘውት የመጡት አለ። ጤና ጣቢያ ነርሷ የምትመክረው አለ። ፋርማሲውና የመዋቢያ ሱቁ የሚሸጡት አለ። እመጫቷ ሌሊት እያጠባች በስልኳ የምታየው፣ ከአትላንታ ወይም ከሌጎስ የተቀረጸ ምክርም አለ። ከነርሷ በቀር ሁሉም እናትየው አንድ ነገር እንድትቀባ ይፈልጋሉ።

እነዚህን ምክሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ መመዘን ይገባል። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ የሕፃን ፀጉር የሚፈልገው እንክብካቤ ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው፤ የራስ ቆዳው ግን እስከ ዛሬ ከምናየው አብልጠን ልናየው ይገባል። ፍቅር የሌለው ቤት ብዙም አላውቅም፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልክ ካለፈ ትጋት ነው።

የአየሩ ነገር ይቅደም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ በካርታ ከሄድን በሞቃታማው የዓለም ቀበቶ ውስጥ ነን። ከተማዋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ሞቃታማ የሚለው ስም አይገልጻትም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ አየሩ ከንፈር እስኪሰነጥቅ ድረስ ይደርቃል። ሐምሌና ነሐሴ ሌላ ዓለም ነው። ፀሐይ ትጠፋለች፣ የታጠበ ልብስ ቀናት ሙሉ አይደርቅም፣ የሹራብ ኮፍያ እርጥበት እንደያዘ ሕፃኑ ራስ ላይ ይውላል።

ስለዚህ ለሌጎስ ወይም ለዳሬሰላም ሕፃን የተሰጠ ምክር ልደታ ሲደርስ ግማሹ ይበላሻል። እዚያ ችግሩ ላብና ሙቀት የሚያወጣው ሽፍታ ነው፤ ቅባት ይቀነስ፣ ጭንቅላት ይከፈት፣ ቶሎ ቶሎ ይታጠብ ይባላል። ለጋምቤላ እናት ይህ ምክር ልክ ነው፤ ለድሬዳዋም ይሠራል። የልደታ ሕፃን ግን ስምንት ወር ያህል በደረቅ አየር፣ አራት ወር ያህል በእርጥብ ብርድ ይኖራል። በበጋ ፀጉሩ ውሃ ያጣል፤ በክረምት ጭንቅላቱ በቂ አየር ያጣል። የዚህች ከተማ የፀጉር እንክብካቤ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች መነሣት አለበት።

የጠቀለለ ፀጉር ከፀሐይ ጋር ያለውን ነገር ሳይንሱ በቅርቡ በሚገባ አሳይቶታል። ቲና ላሲሲ፣ ኒና ጃብሎንስኪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ሙቀት የሚለካ የሰው ቅርጽ ላይ ቀጥ ያለ፣ መጠነኛ ጥቅልል ያለውና ጥብቅ ጥቅልል ያለው ዊግ እያፈራረቁ በመብራት አሞቁት። ፀጉር ሁሉ ከፀሐይ ይከላከላል፤ ከሁሉ አብልጦ ግን ወደ ራስ ቅል የሚገባውን ሙቀት የቀነሰው ጥብቅ ጥቅልል ያለው ሆነ። ጥቅልሉ በቆዳውና በፀሐይዋ መካከል አየር ይይዛል። የልጆቻችን ፀጉር ለዚህ ሰማይ የተሠራ ነው ማለት ነው። ይህን የማውቃት እናት ሁሉ እንድታውቀው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ እንደምናየው ይህንኑ ፀጉር እንደ ጉድለት የሚቆጥር ብዙ ነው።

ለዚህ መከላከያ የሚከፈል ዋጋ አለ። የጠቀለለ ፀጉር ሥሩ ራሱ የታጠፈ ነው፤ የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ ጥቅልሉን ተከትሎ እስከ ጫፍ መድረስ ይከብደዋል። ስለዚህ ቆዳው ወዝ እያለው ጫፉ ይደርቃል፤ የደረቀ ጥቅልል ደግሞ በመታጠፊያው ላይ ይሰበራል። «የልጄ ፀጉር አያድግም» የምትል እናት ብዙ ጊዜ የምታየው እያደገ የሚሰበር ፀጉር ነው። እድገቱም በተፈጥሮ ዘገምተኛ ነው፤ የአፍሪካውያን ፀጉር በቀን ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚያድግ ተለክቷል፤ ይህ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም።

ጨቅላው ይዞት የሚወለደው ፀጉር ግን ገና የራሱ ፀጉር አይደለም። አንዳንዱ ራሱ ሞልቶ፣ ፀጉሩ ለስላሳና የተኛ ሆኖ ይወለዳል፤ ቤተሰቡም «ዞማ ነው» ብሎ ይደሰታል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ ያ ፀጉር ይረግፋል፤ በተለይ ማጅራቱ አካባቢ ትራስ የሚነካው ቦታ ባዶ ይሆናል። በምትኩ የሚወጣው ወፍራምና የጠቀለለ ይሆናል፤ እውነተኛ መልኩን የሚይዘው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። ይህ መርገፍ በሽታ አይደለም፤ መድኃኒትም አይፈልግም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ግን እዚህ ላይ ነው፤ በራሱ ጊዜ የሚመጣውን አዲስ ፀጉር የተገዛው ቅባት ያበቀለው ይመስላል።

ምላጩም ምስጋና የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። «ሦስት ጊዜ ከተላጨ ፀጉሩ ይበዛል» የሚለው እምነት በልደታም በላሊበላም አለ። ከቆዳ በላይ የሚታየው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ምላጭ የሚደርሰው እዚያ ድረስ ብቻ ነው። ውፍረቱንና ጥቅልሉን የሚወስነው ከቆዳ ሥር ያለው የፀጉር ሥር ነው፤ የእነዚህ ሥሮች ቁጥር ደግሞ ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ ያለቀ ነገር ነው። ሲላጭ የፀጉሩ ጫፍ ድፍን ስለሚሆን ሲያድግ ሻካራና ወፍራም ይመስላል። ያ ጊዜ የጨቅላነቱ ፀጉር ረግፎ ሁለተኛው የሚወጣበት ጊዜ ስለሆነም ምስክሩ የተሟላ ይሆናል።

ይህን ስል ግን መላጨትን እንደ ከንቱ ልማድ መጣል አልፈልግም። ቁንጮ፣ ጋሜ፣ ሳዱላ የአገራችን ልጆች ጭንቅላት ላይ የዕድሜና የወግ ምልክት ነበሩ። ቁንጮ አናቱ ላይ ጥቂት ፀጉር አስቀርቶ ሌላውን መላጨት ነው፤ ጋሜ መሐሉን ተላጭቶ ዙሪያውን ማስቀረት፤ ሳዱላ ደግሞ ገና ያላገባች ልጃገረድ የምትለይበት ነው። ውሃ ከወንዝ በእንስራ በሚቀዳበት፣ ቅማልና ቅጫም በበዛበት ዘመን አብዛኛውን የራስ ቆዳ ገልጦ መያዝ ትልቅ ብልሃት ነበር፤ ቁስል ቢወጣ ወዲያው ይታያል፣ ቅማል መጠለያ ያጣል። የልጅን ጭንቅላት በየጊዜው በእጅ የሚዳስስ ሰው ነበር ማለት ነው። ቁንጮው ከከተማ ጠፍቶ ዛሬ የጎደለን ያ ዳሰሳ ነው።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ ደግሞ ሕፃኑ በተወለደ በ7ኛው ቀን በአቂቃ ሥርዓት ፀጉሩ ይላጫል፤ በፀጉሩ ክብደት ልክ የብር ማዕድን ወይም ዋጋው ለድሃ ይሰጣል። ይህ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ነው፤ ከውፍረት ክርክሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ወንዱን በ40 ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ሲያስነሣ ከዚያ በፊትም በኋላም የሚላጭ አለ። በሁሉም ቤት ግን አንድ ሕግ መጽናት አለበት፦ አንድ ምላጭ ለአንድ ራስ፣ ያውም አዲስ። በምላጭ የሚተላለፈውን የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ማንም የሚስተው አይመስለኝም፤ ሆኖም «የቤተሰብ ነው» እየተባለ ከወንድም ወደ እህት የሚሸጋገር ምላጭ ዛሬም አለ። የሰባት ቀን ሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ የሚላጨው ሰው እጁን ታጥቦ፣ ጭንቅላቱን በለብ ያለ ውሃ አርጥቦ፣ እርግብግቢቱ ዙሪያ ቀስ ብሎ መሄድ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ቅቤው እንምጣ፤ የዚህ ጉዳይ እምብርት እርሱ ነውና። ከሐመር ሴቶች ቀይ አፈርና ቅቤ አንሥቶ እስከ አፋር ወጣቶች ጥቅልል ድረስ፣ ከጎንደር ሹሩባ እስከ ልደታ ኮንዶሚኒየም ድረስ ለጋ ቅቤ የኢትዮጵያ ፀጉር ወዳጅ ነው። በአደስ የተለወሰ ቅቤ ሽታው ብቻ አራስ ቤትን ያስታውሳል። የደረቀ ጫፍን ያለሰልሳል፣ ጥቅልሉ ውስጥ ያለውን ውሃ ይይዛል፣ ሲሠሩት ፀጉሩ እንዳይበጠስ ያደርጋል። ለትልቅ ሴት ፀጉር ከዚህ የተሻለ ነገር በብዙ ብር መግዛት ከባድ ነው። ክርክሩ የሚጀምረው ቅቤው ወደ ጨቅላ ሲመጣ ነው።

የመጀመሪያው ነገር እርግብግቢት ነው። አናቱ ላይ ለስላሳ ሆና የምትርገበገበው ቦታ አያቶችን ታስፈራለች፤ ቅቤ ተጭኖባት ትውላለች፣ «እንድትገጥም» ይባላል። ለስላሳ የሆነችው የራስ ቅሉ አጥንቶች ገና ስላልገጠሙ ነው እንጂ ከሥሯ ጠንካራ ሽፋን አለ፤ በጣት መንካትም ማጠብም አይጎዳትም። የፊተኛዋ በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ በራሷ ትገጥማለች። ቅቤ አያፋጥናትም። ሁለት ምልክቶች ግን ሕይወት ያድናሉ። ሕፃኑ ተቅማጥ ይዞት እርግብግቢቱ ከጎደጎደች ውሃ አልቆበታል ማለት ነው፤ የሚያስፈልገው ጡት፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ሐኪም ነው፤ ቅቤ እየሞሉ ማደር ውድ ሰዓት ያባክናል። ትኩሳት ይዞት ወደ ላይ ካበጠች ደግሞ የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና ያን ሌሊት ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። እርግብግቢቷ በቅቤና በኮፍያ ተሸፍና ስትውል እነዚህን ሁለቱን የሚያይ የለም።

ሁለተኛው በአፍ የሚሰጠው ነው። ጨቅላን ለጋ ቅቤ ማስዋጥ በአገራችን የቆየ ነው፤ ከራስ ቅቤ ጋር በአንድ ሳህን ይቀርባል። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ከሚከለክሉት ነገር አንዱ ይህ ነው፤ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውሃም አይሰጥም። በዚህ ላይ ነርሷ ሙሉ በሙሉ ትክክል ናት፤ ለአያቶች ባለኝ አክብሮት ሁሉ ይህን ልማድ የምከራከርለት አላገኘሁም። ያልፈላ ቅቤ ከበረትም ከእጅም የሚያመጣው ተሕዋስ የጨቅላ ሆድ አይችለውም። እትብት ላይ መቀባቱም እንደዚሁ ነው።

ሦስተኛው የከተማ ጣጣ ነው። የገጠሯ አያት ቅቤውን ራሳቸው ንጠው ነው የሚቀቡት። በአዲስ አበባ ገበያ የሚሸጠው ቅቤ ሙዝ፣ የፓልም ዘይትና ሌላም ባዕድ ነገር እየተደባለቀበት መያዙ በተደጋጋሚ የተነገረ ነው። እናትየው ምን እየቀባች እንደሆነ ማወቅ አትችልም። ጥሩው ቅቤም ቢሆን ራስ ላይ ሁለት ቀን ሲቆይ ይበላሻል፣ አቧራ ይስባል፣ የሹራብ ኮፍያው ውስጥ ይጋገራል።

ቅቤውን ከፀሐይ የሚያገናኝ ሌላ ታሪክ ልደታ ውስጥ አለ። በጥቁር አንበሳ ግቢ የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች፣ እነ ዶክተር ሉሉ ሙሔ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት ባወጡት ጥናት 500 የሳንባ ምች የያዛቸውን ሕፃናት የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ከታመሙት 210ሩ ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የሚመጣ የአጥንት መልፈስፈስ ነበረባቸው፤ ከሌሎቹ 20ዎቹ ብቻ። ፀሐይ ከዓመት እስከ ዓመት በሚበዛባት አገር ሕፃናት በፀሐይ እጦት ይታመማሉ፤ «ቡዳ እንዳያየው፣ ብርድ እንዳይመታው» ተጠቅልለው ስለሚያድጉ ነው። ሪኬትስ ደግሞ ራስ ላይ ይታያል፦ ጭንቅላቱ ያልበዋል፣ ማጅራቱ ላይ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ግንባሩ ወጣ ይላል፣ እርግብግቢቷ ሳትገጥም ትዘገያለች። እንግዲህ «ቅቤ ካልተቀባ አይገጥምም» የተባለው ጭንቅላት ብዙ ጊዜ የጎደለው ፀሐይ ነበር።

ይህን ያወቁ እናቶች ሕፃኑን ቀብተው ረፋድ ላይ ፀሐይ ያሞቁታል፤ ልማዱ ጥሩ ነው። ሁለት ማስተካከያ ግን አለው። ቫይታሚኑን የክንድና የእግር ቆዳ ሊሠራው ስለሚችል ራሱን ማቃጠል አያስፈልግም፤ ፀጉር የሞላው ራስ ለዚህ ሥራ ብዙም አይጠቅምም። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ብርቱ ነውና አናቱን ስስ ነጠላ ጣል ማድረግ፣ እግርና ክንዱን ገልጦ ለጥቂት ደቂቃ መያዝ ይበቃል። ሁለተኛው የኮንዶሚኒየሙ ጉዳይ ነው። የድሮዎቹ የልደታ መንደሮች ፈርሰው ፎቆቹ ከተነሡ ወዲህ ብዙ እናት ልጇን የምታሞቀው በመስኮት ነው። መስታወት ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር ግን ይዞ ያስቀረዋል። መስኮቱ ይከፈት፣ ወይም ወደ ግቢው ይወረድ።

ታዲያ በበጋ ምን ይቀባ? ርካሹ ነገር በቂ ነው። ሽታ የሌለው ቫዝሊን በእርጥብ ፀጉር ጫፍ ላይ፣ በጣት ጫፍ የሚነሣ ያህል። የሱፍ ዘይትም ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከዳካ፣ ባንግላዴሽ የወጣ ጥናት ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሱፍ ዘይት ሲታሹ በሆስፒታል የሚይዛቸው ኢንፌክሽን በ41 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ የቆዳቸውን መከላከያ ስለሚያጠናክር ነው። የወይራ ዘይት በአንጻሩ ስሙ ይግነን እንጂ ለስስ ቆዳ እንደ ሱፍ አይሆንም፤ የቆዳውን መከላከያ እንደሚያላላ ታይቷል። ከአሜሪካ የሚመጣው «መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ቅባት» የሚለው ምክር ለልደታ በጋ በትክክል ይሠራል፤ ቅባት ውሃን ይይዛል እንጂ ውሃ አይሆንም። በደረቅ ፀጉር ላይ ቅቤ መደራረብ ድርቀቱን አሽጎ ማስቀመጥ ነው።

ስለ እጥበቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ሽታ በሌለው የሕፃን ሳሙና በጥቂቱ። የልብስ ሳሙና ቆዳውን ይልጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጀመሪያው ጀሪካን ለልብስ መሄዱ ይገባኛል፤ ሆኖም የአንድ ሕፃን ራስ አንድ ጆግ ውሃ አይፈጅም። በክረምት የሚያስፈራው ብርድ ነው፤ በዚህ ምክንያት ለሦስት ሳምንት ሳይታጠብ ቅቤ የሚደራረብበት ራስ አለ። መፍትሔው እኩለ ቀን ላይ በሩን ዘግቶ ራሱን ለብቻ ማጠብና ገላው ሳይገለጥ ወዲያው በፎጣ ማድረቅ ነው። ማበጠሩ በእርጥቡ፣ በጣት ተጀምሮ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ፣ ከጫፍ ወደ ሥር። የሹራብ ኮፍያው በየቀኑ ይቀየር፤ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጨርቅ ቢደረግ ፍትጊያው ይቀንሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ቆዳው ላይ የሚወጣው ነው። ከተወለደ በኋላ ባሉት ሳምንታት አናቱ ላይ ቢጫ፣ ቅባት ያዘለ ቅርፊት የሚጋገርበት ሕፃን ብዙ ነው። እናቶች ቆሻሻ መስሏቸው ያፍራሉ፤ ቆሻሻ አይደለም፣ አይተላለፍም፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓመቱ ይጠፋል። ዘይት ቀብቶ ጥቂት አቆይቶ፣ በለስላሳ ብሩሽ ፈቅፍቆ ማጠብ ይበቃል፤ ዘይቱን ራሱ ላይ መተው ግን አይገባም። በዚያ ቅርፊት ውስጥ የሚራባው ማላሴዚያ የሚባለው ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነውና ቅቤ ቀብቶ መተው ለእርሱ ድግስ ነው። በጥፍር መላጥ ደግሞ ቁስልና መግል ያመጣል።

ቆረቆር ሌላ ነው። ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩን የሚያረግፍ፣ የሚፈረፈር፣ አንዳንዴ የተሰበረ ፀጉር እንደ ጥቁር ነጥብ የሚታይበት ይህ ፈንገስ በአብዛኛው የሚይዘው ትምህርት ቤት የደረሱ ልጆችን ነው፤ ታናሹ ሕፃን ግን ከታላቁ ይወስደዋል። በኢትዮጵያ ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው ዓይነት ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነው፤ በሚዶ፣ በሻሽ፣ በትራስ፣ በኮፍያና በፀጉር ቤቱ ቶንዶስ። ሥሩ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ በቅባት ብቻ አይድንም፤ ግሪሲዮፉልቪን የመሰለ የሚዋጥ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ለስድስትና ለስምንት ሳምንት መወሰድ አለበት። ችላ ከተባለ አብጦ መግል ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ያ ቦታ ፀጉር ላያበቅል ይችላል። እዚህ ላይ ትልቁ ጥፋት ያለ ሐኪም ከፋርማሲ የሚገዛው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። ማሳከኩን ለጥቂት ቀን ያበርዳል፣ መልኩን ይለውጣል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር ይሰፋል። ሐኪሙም ሲያየው መለየት ይቸግረዋል። ነገሩ ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ ሲሆን ከልደታ እምብዛም የማይርቀው የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ።

የፀጉር አስተካካዮቹን እርዳታ እዚህ እፈልጋለሁ። ቶንዶሱ ላይ አልኮል መርጨት ጥሩ ነው፤ ጥርሶቹ መሐል የቀረው ፀጉር መጀመሪያ በብሩሽ ካልወጣ ግን አልኮሉ ወደ ውስጥ አይደርስም። ቆረቆር ያለበት ልጅ ሲመጣ ማሳፈር አይገባም፤ ለወላጁ ለብቻው ነግሮ፣ መሣሪያውን ለይቶ፣ ወደ ሐኪም ቤት መላክ ሙያም ነው ደግነትም።

ፀጉር ምን እንደሚበላም ይናገራል። ጥቁርና ጥቅልል የነበረው ሳስቶ፣ ቀልቶ፣ ቀጥ ብሎ በቀላሉ ከተነቀለ፣ እግሩም ካበጠ ያ የፕሮቲን እጥረት ነው። በዚህ ጊዜ ፀጉሩን የሚያድን ቅባት የለም፤ ልጁን የሚያድን ሕክምና ግን አለ።

ሴት ልጅ ስትሆን ሹሩባው ቶሎ ይጀመራል። ሹሩባን እወዳለሁ፤ ፀጉሩን ከፍትጊያ ይጠብቃል፣ እናትና ልጅንም አንድ ሰዓት ጉልበት ላይ ያቀራርባል። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ጠብቆ መሠራት የለበትም። ግንባሯ ላይ ቆዳው ከተወጠረ፣ ነጫጭ ብጉር ከወጣ፣ ሌሊት ካለቀሰች ይፈታ፤ ለዓመታት የተወጠረ የግንባር ፀጉር አንድ ቀን ሳይመለስ ይቀራል። ጨሌና ላስቲክ ወደ አፍ የሚገባ ነገር ስለሆነ ለሕፃን አይሆንም። ብዙ የማይነገር አንድ ነገር ልጨምር፦ እናት ከወለደች ከሦስትና አራት ወር በኋላ የራሷ ፀጉር በብዛት ይረግፋል፤ አንዲት ክር ካልሲ ውስጥ ገብታ የሕፃኑን የእግር ጣት ልታንቅ ትችላለች። ምክንያቱ ያልታወቀ ለቅሶ ሲበረታ ካልሲውን አውልቆ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማየት ነው።

አሁን ፀጉሩን እንደ ጉድለት ስለ መቁጠር ወደ ኋላ ወዳስቀረሁት ነገር ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካው የሕፃናት ፕሮግራም በሰሰሚ ስትሪት አንዲት ቡናማ አሻንጉሊት ፀጉሯን እያሞገሰች ስትዘምር የብዙ አገር እናቶች ተቀባበሉት። መዝሙሩን የጻፈው ጆይ ማዛሪኖ ነጭ አሜሪካዊ ነው፤ የጻፈውም ከኢትዮጵያ ላመጣት የማደጎ ልጁ ነበር። ልጅቱ እንደ አሻንጉሊቶቿ ረጅም ቢጫ ፀጉር መመኘት ጀምራ ነበርና። ኢትዮጵያ የውጭ ማደጎን እ.ኤ.አ. በ2018 በሕግ እስከዘጋችበት ጊዜ ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆቻችን የሄዱባቸው ቤተሰቦች ይህን ፀጉር እንዴት እንደሚይዙ ከጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻቸው ተምረዋል። ዛሬ በስልክ ወደ ልደታ የሚመለሰው ምክር ከፊሉ የዚያ ትምህርት ውጤት ይመስለኛል።

የማዛሪኖ ልጅ ምኞት ባዕድ አገር የፈጠረው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጠቀስኩት ነበር። እዚሁ አራስ ቤት ውስጥ ሕፃኗ እየሰማች «የአባቷን ከርዳዳ ወሰደች»፣ «ምነው የእናቷን ሉጫ በሆነላት» ይባላል፤ ሦስት ዓመት ሲሞላት ካውያ፣ ሰባት ሲሞላት ማለስለሻ ኬሚካል ይመጣል። እነዚህ ኬሚካሎች የሕፃን ራስ የሚያቆስል ኃይል አላቸው፤ ለልጅ ፈጽሞ አይገቡም። ፀሐይን የሚከላከል፣ ለዚህ ተራራ የተሠራ ፀጉር ያላትን ልጅ እናርማት ማለት በደል ነው። የስልኩ ምክር ውድ ጠርሙስ ከመሸጡ ጋር አንድ መልካም ነገር ይዞ መጥቷል፤ ልጅቱን «ፀጉርሽ ያምራል» በሏት ይላል። አያቶችም ነርሶችም ይህን ቢወስዱለት ደስ ይለኛል።

ለልደታ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያዎች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። እያንዳንዱ ሕፃን ለክትባት በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 እና በ15 ወሩ ይመጣል። በእነዚህ ቀናት መርፌው ከመወጋቱ በፊት ኮፍያው ይውለቅና ጭንቅላቱ በእጅ ይዳሰስ፤ እርግብግቢቷ፣ ቅርፊቱ፣ የፀጉሩ ቀለም፣ የማጅራቱ ሁኔታ ይታይ፤ ታላላቆቹ ቆረቆር ይኖርባቸው እንደሆነ እናትየዋ ትጠየቅ። ለዚህ መሣሪያም በጀትም አያስፈልግም፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እናቶችም ነርሷ ከረሳች ኮፍያውን ራሳችሁ አውልቁና «ራሱን እዪልኝ» በሏት።